«ፌር» ስንት ነው? የአንድ እንግሊዝኛ ቅጽል ብዙ ፍቺዎችና የአማርኛ ትርጉም ፈተና

አንድ መምህር በተማሪ የድርሰት ወረቀት ግርጌ በቀይ ቀለም «ፌር» ብለው ቢጽፉና ተማሪው ፍቺውን ፍለጋ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ፣ ከቃሉ ትይዩ አንድ ረድፍ ቃላት ሊያገኝ ይችላል፦ ቆንጆ፣ ፍትሐዊ፣ ቀይ፣ ብራ፣ መካከለኛ። መምህሩ ሊሉ የፈለጉት «ደህና ነው፤ ሆኖም ገና ይቀረዋል» ነው። ተማሪው ከረድፉ የመጀመሪያውን ቃል ከወሰደ የተመሰገነ ይመስለዋል፤ ሁለተኛውን ከወሰደ ደግሞ ድርሰቱ ስለምን «ፍትሐዊ» እንደ ተባለ ሲያሰላስል ይውላል።

ነገሩ ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል። ይሁንና ያው ቃል ተማሪውን እስከ ከፍተኛ ትምህርት ይከተለዋል። በሕግ ክፍል ስለ ችሎት ሥርዓት፣ በሒሳብ አያያዝ ክፍል ስለ ንብረት ዋጋ፣ በፍልስፍና ክፍል ስለ ፍትሕ ምንነት ሲያነብ «ፌር» ከመንገዱ አይጠፋም። በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው፣ ሪፖርት ለሕዝብ የሚቀርበውና ሐሳብ የሚብላላው ግን በአብዛኛው በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ በንባብ ጊዜ የተፈጠረች ትንሽ የፍቺ ስሕተት በክፍል ውስጥ አትቀርም፤ ወደ ችሎት፣ ወደ ቢሮና ወደ አደባባይ ትወጣለች።

የስሕተቱ ምንጭ የእንግሊዝኛ ውስብስብነት ወይም የአማርኛ ድህነት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። እውነተኛው ምንጭ ቅጽልን ከሚገልጸው ስም ነጥሎ፣ አንድን ቃል በአንድ ቃል እየመነዘሩ የማስተማርና የመተርጎም ልማድ ነው። የ«ፌር» ታሪክና የዛሬ አገልግሎት ይህን በሚገባ ያሳያል።

ቃሉ የተጓዘበት መንገድ

«ፌር» በጥንታዊ እንግሊዝኛ የነበረው ፍቺ «ውብ፣ ለዓይን ደስ የሚል» ነበር። የሥጋ ዘመዱ በሆነው በጎቲክ ቋንቋ የሚገኘው ቃል «የሚገባ፣ የሚስማማ» የሚል ፍቺ አለው። ከዚህ መነሻ ቃሉ ወደ ብዙ አቅጣጫ ተሰራጨ። ውብ የሆነ ሰማይ ደመና የሌለበት ነውና ብራ ቀን «ፌር» ተባለ። ለመርከብ የሚመች ነፋስም እንዲሁ። ነቁጥ የሌለበት ነገር ውብ ነውና ስርዝ ድልዝ ከበዛበት ረቂቅ ተጣርቶ በንጽሕና የተገለበጠ ጽሑፍም በዚሁ ስም ተጠራ። ነቁጥ የሌለበት ጠባይና አድልዎ የሌለበት ፍርድ ከዚያው ሐሳብ ቀጠሉ። «ማለፊያ» የሚለው ፍቺ ደግሞ እየላላ ሄዶ «ክፉም ያልሆነ፣ እጅግ ጥሩም ያልሆነ» ወደሚለው ወረደ፤ የመምህሩ ቀይ ቀለም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ፈካ ያለ የቆዳና የጸጉር ቀለምን ለመግለጽም ያው ቃል አገልግሏል።

ከዚህ ቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ በድምፅና በጽሕፈት ብቻ የሚመሳሰል ሌላ «ፌር» አለ፤ እርሱም የንግድ ትርኢት ወይም ባዛር ማለት ነው። ይህኛው ስም እንጂ ቅጽል አይደለም፤ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የበዓል ቀን መጠሪያ የመጣ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የቅጽሉ ፍቺዎች ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ የባዛሩ ቃል ግን ከሌላ ዛፍ ነው። መዝገበ ቃላት ሁሉን በአንድ ረድፍ ሲደረድር አንባቢው ግንዱንም ቅርንጫፉንም ሳይለይ ይቀራል።

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ጉዞ እንግዳ አይደለም

ከውበት ወደ በጎነት መሻገር የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በግዕዝ «ሠናይ» ውብም ነው፣ በጎም ነው። በአማርኛ «መልካም» የሚለው ቃል «መልክ» ከሚለው ስም የተገኘ ነው፤ ሀብት ያለው ሀብታም እንደሚባል፣ መልክ ያለው መልካም ተባለ። ዛሬ «መልካም አስተዳደር» የሚል ሰው ስለ መልክ አያስብም፤ ቃሉ ግን ከፊት ገጽታ ተነሥቶ ወደ ምግባር እንደ ተጓዘ በራሱ አካል ይመሰክራል። «ርቱዕ» ደግሞ በግዕዝ ቀጥ ያለ ማለት ነው፤ ከቀጥተኛ ነገር ወደ ቀጥተኛ ፍርድ፣ ወደ ቀጥተኛ እምነትና ወደ ርቱዕ አንደበት ተሸጋግሯል።

ከሁሉም ይልቅ ለ«ፌር» የሚቀርበው የዕለት ተዕለቱ «ደህና» ነው። «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ስለ ጤናው ይናገራል። «ደህና ሰው ነው» ሲባል ስለ ጠባይ ነው። «ደህና ገንዘብ አገኘ» ሲባል ስለ መጠን ነው፤ ጥቂት አይደለም ማለት ነው። «ሥራው ደህና ነው» ሲባል ግን፣ በተለይ ድምፁ ቀዝቀዝ ካለ፣ ምስጋናው ቁጥብ ነው። ማንም የአማርኛ ተናጋሪ እነዚህን አራቱን ሲያምታታ አይታይም፤ ምክንያቱም ቃሉን ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚሰማው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል የሚታወቀው በሚውልበት ባልንጀራ ነው የሚል ትርጉም ያለውን ሐሳብ ሲያስተምሩ የገለጹት ይህንኑ ነበር። ተማሪው በራሱ ቋንቋ በተፈጥሮ የሚያደርገውን በእንግሊዝኛ እንዳያደርግ የሚከለክለው የተሰጠው የቃላት ዝርዝር ነው።

በፍልስፍና፦ ፍትሕ ራሱን ሲገልጽ

የአንድ ለአንድ ምንዛሪ ጉዳት ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የጆን ሮልስ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት መጣጥፍ፣ በኋላም በ1971 በታተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸው፣ ፍትሕን በ«ፌርነት» መንገድ አስረድተዋል። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፦ ሰዎች ሀብታም ይሁኑ ድኻ፣ ብርቱ ይሁኑ ደካማ ሳያውቁ፣ ከድንቁርና መጋረጃ ኋላ ሆነው ስለሚተዳደሩበት ሥርዓት ቢስማሙ፣ የስምምነቱ ሁኔታ ለማንም የማያደላ ይሆናል፤ ከእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚወጡት መርሖዎችም የፍትሕ መርሖዎች ናቸው።

እንግዲህ «ፌር» ሁልጊዜ «ፍትሐዊ» ከሆነ፣ የዚህ ንድፈ ሐሳብ ስም በአማርኛ «ፍትሕ እንደ ፍትሐዊነት» ይሆናል። ይህ ውኃን በእርጥበት እንደ መግለጽ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ሥሮች ያሏቸው ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች፣ በአማርኛ አንድ ሥር ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ፤ የክርክሩ አጥንትም አብሮ ይጠፋል። ሮልስ ራሳቸው ስያሜው ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች አንድ ናቸው ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። አንዱ የሁኔታው ጠባይ ነው፤ ሌላው ከሁኔታው የሚወጣው ውጤት ነው። ተማሪው ይህን ልዩነት በአማርኛ ማየት ካልቻለ፣ ንድፈ ሐሳቡ የረቀቀ ሳይሆን ባዶ ሆኖ ይታየዋል።

እዚህ ላይ «ፍትሕ እንደ ርትዕ» የሚለው አማራጭ የተሻለ መሠረት አለው። «ርትዕ» ከ«ፍትሕ» የተለየ ሥር ያለው፣ ቀጥተኛነትንና አለመዛባትን የያዘ ቃል ነው። እርግጥ ነው፣ በሕግ ቋንቋ «ርትዕ» ሌላ ሙያዊ አገልግሎት አለው፤ የሕጉ ቃል ሳይበቃ ሲቀር ዳኛው የሚመለከተውን ቅን ሚዛን ይጠራል። ይህ ግን ቃሉን በፍልስፍና ለመጠቀም እንቅፋት አይደለም። አንድ ቃል በሁለት ሙያዎች ሁለት ፍቺ መያዙ፣ ፍቺው በየሙያው ተለይቶ እስከ ተነገረ ድረስ፣ ጉዳት የለውም።

በሒሳብ አያያዝ፦ ዋጋው የሚዳኝ አይደለም

በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ወደ አገሪቱ አሠራር አስገብቷል። ከእነዚህ ደረጃዎች 13ኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ ስለ «ፌር» ዋጋ ነው። በደረጃው መሠረት ይህ ዋጋ፣ በመለኪያው ቀን፣ በገበያ ተሳታፊዎች መካከል በሥርዓት በሚካሄድ ግብይት፣ ንብረት ቢሸጥ የሚገኘው ወይም ዕዳ ቢተላለፍ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ስለ ፍትሕ አንዲት ቃል የለችም። ገበያው በድኻ ላይ የጨከነ ቢሆንም፣ ቤቱ ከሠሪው ድካም በታች የሚሸጥ ቢሆንም፣ ደረጃው የሚጠይቀው ገበያው የሚከፍለውን ነው። «ፍትሐዊ ዋጋ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ግን ለሻጭም ለገዢም የሚገባ፣ ኅሊና የሚቀበለው ዋጋ ያስባል። ከቦታው የሚነሣ ባለይዞታ በሪፖርት ላይ የተጻፈውን «ፍትሐዊ ዋጋ» ቢያይ፣ አንድ አካል ስለ መብቱ የፈረደለት ሊመስለው ይችላል። የተለካው ግን መብቱ ሳይሆን ገበያው ነው። «የወቅቱ የገበያ ግምት» ዓይነት አገላለጽ ውበት ባይኖረውም አያሳስትም።

የአውሮፓ አገሮችም በዚሁ ቅጽል ተፈትነዋል። በብሪታንያ ከ1947 የኩባንያዎች ሕግ ጀምሮ የሒሳብ መግለጫ እውነተኛና «ፌር» ምስል እንዲሰጥ ይጠየቃል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1978 አራተኛውን የኩባንያ ሕግ መመሪያ ሲያወጣ ይህ ሐረግ ወደ አባል አገሮች ቋንቋዎች መሻገር ነበረበት። ፈረንሳዮች ሁለቱን ቅጽሎች ትተው «ታማኝ ምስል» የሚል አንድ ቅጽል መረጡ። ጀርመኖች «ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር የሚስማማ ምስል» አሉ። ሁለቱም «ፌር»ን ከመዝገበ ቃላት ነቅለው አልተከሉትም፤ ሐረጉ በሙያው ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ጠይቀው፣ ያንን ሥራ የሚሠራ የራሳቸውን አገላለጽ ፈለጉ። ከትርጉም ሙያ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

በሕግ፦ የመንገዱ ቅንነትና የመድረሻው ትክክለኛነት

የሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 10ኛ አንቀጽና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን 14ኛ አንቀጽ፣ ማንም ሰው ጉዳዩ በገለልተኛ ፍርድ ቤት «ፌር» በሆነና ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲሰማ ያዝዛሉ። እዚህ ቅጽሉ የሚገልጸው መሰማቱን እንጂ ፍርዱን አይደለም። ተከሳሹ ክሱን አውቋል ወይ? ለመከላከያ ጊዜ አግኝቷል ወይ? ምስክር መጠየቅ ችሏል ወይ? ዳኛው ከወገንተኝነት የራቀ ነው ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ሥርዓቱ የተሟላለት ሰው ሊፈረድበት ይችላል፤ ሥርዓቱ የተጓደለበት ሰውም በአጋጣሚ ትክክለኛ ፍርድ ሊያገኝ ይችላል።

«ፍትሐዊ» የሚለው ቃል መንገዱንና መድረሻውን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ውጤቱም ሁለት ጉዳት ነው። የተፈረደበት ሁሉ «ፍትሐዊ አልነበረም» ሲል፣ ቅሬታው በውጤቱ ይሁን በአካሄዱ መለየት ይቸግራል። ከሳሹ ደግሞ «ጥፋተኛነቱ የታወቀ ነው» በሚል የአካሄዱን ጉድለት ሊያድበሰብስ ይመቸዋል። አማርኛ ግን ለዚህ ቃል አያጣም። አዳልቶ የሚፈርደውን ዳኛ «ፍርደ ገምድል» የሚል ሰላ ያለ ስም አለው፤ ባላጋራዎች ተራ እየጠበቁ እርስ በርስ የሚጠያየቁበት የቀድሞው የ«ተጠየቅ» ሙግትም የመሰማት ሥርዓት ለኅብረተሰቡ እንግዳ እንዳልሆነ ያስታውሳል። «አድልዎ በሌለበት ሥርዓት መሰማት» የሚለው አገላለጽ ከ«ፍትሐዊ ችሎት» ቢረዝምም፣ ዜጋው ምን እንዲጠይቅ መብት እንዳለው በግልጽ ይነግረዋል።

በመልክ፦ ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲጋጭ

የቃሉ ፍቺዎች ከአንድ ግንድ መውጣታቸው ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ውብ፣ ቅንና ፈካ ያለ ቆዳ በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ ቃሉ ሳይታወቅ አንዱን በሌላው ላይ ያነጥፋል። በሕንድ ከ1975 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተሰኘው የፊት ክሬም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ድርብ ፍቺ ነበር። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በቆዳ ቀለም ላይ የተመሠረተ አድልዎ በሰፊው በተወገዘበት ወቅት፣ «ፌር» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። በአማርኛ «ቀይ» የመልክ ቀለም ብቻ ነው፤ ቅንነትን አይጨምርም። ተርጓሚው ስለ ቆዳ የተጻፈውን «ፌር» «ቆንጆ» ብሎ ከመለሰ፣ በምንጩ ጽሑፍ ያለውን ስውር ፍርድ ወደ አማርኛ ይዞ ይገባል። «ቀይ» ወይም «ፈካ ያለ» ብሎ ከመለሰ ግን ገለጻውን ይወስዳል፣ ፍርዱን ይተወዋል። አንዳንድ ጊዜ ፍርዱን መጠበቅ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የደራሲው አድልዎ ራሱ የጥናቱ ርእስ ከሆነ። ምርጫው ግን በዕውቀት መደረግ አለበት።

ሁለት ተቃውሞዎችና መልሳቸው

አንደኛው ተቃውሞ ወጥነትን ይጠይቃል፦ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በየቦታው በተለያየ አማርኛ ከተተረጎመ አንባቢ ይደናገራል ይላል። ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው። በአንድ ሙያ ውስጥ፣ በአንድ ሕግ ወይም በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ወጥነት ግዴታ ነው። ከሙያ ሙያ ግን ወጥነት መጠየቅ፣ እንግሊዝኛው ራሱ የሌለውን አንድነት በአማርኛ ላይ መጫን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፌር»ን እንዳለ መዋስ ይበቃል ይላል። የእግር ኳስ አድማጭ «ፌር ፕሌይ»ን ተቀብሎታል፤ ጀርመኖችም ቃሉን ወስደውታል። የቋንቋ ምሁሯ አና ቪየርዝቢትስካ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽንሰ ሐሳቡ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ባህል የተለየ መሆኑን ተከራክረዋል። ሆኖም የተዋሰ ቃል ከነቤተሰቡ አይመጣም። ጀርመንኛ የወሰደው የቅን አጨዋወቱን ፍቺ ነው፤ ብራው ቀን፣ ፈካ ያለው ጸጉርና መካከለኛው ውጤት እዚያው እንግሊዝኛ ቤት ቀርተዋል። ውሰት አንዱን ቅርንጫፍ ይቆርጣል እንጂ የቀሩትን አይፈታም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ በክፍል ውስጥ የሚጀመር ነው። ቅጽል ብቻውን በሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ ከስሙ ጋር ይጻፍ። ተማሪው «ፌር»ን ሳይሆን «ፌር» ቀን፣ «ፌር» ዳኛ፣ «ፌር» ውጤት የሚሉትን በሦስት የተለያዩ አገላለጾች ይማር።

ሁለተኛው ቀላል የመፈተኛ ዘዴ ነው፦ የቃሉን ተቃራኒ መጠየቅ። የብራ ቀን ተቃራኒ ዝናባምና ነፋሻ ቀን ነው። የንጹሑ ግልባጭ ተቃራኒ ረቂቅ ነው። የፈካው ጸጉር ተቃራኒ ጥቁሩ ነው። የቅን ዳኛ ተቃራኒ ፍርደ ገምድል ነው። የቅን ጨዋታ ተቃራኒ ደግሞ ኳስ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው «ፋውል» ነው። ተቃራኒው በተለወጠ ቁጥር ፍቺውም ተለውጧል፤ ትርጉሙም መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው መዝገበ ቃላትን ይመለከታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት ቃሎችን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ፣ ለእያንዳንዱ አገባብ ለብቻው አማርኛ ሰጥቷል። ግማሽ ምእት ዓመት ያለፈው ይህ አርአያ በስልክ ላይ የሚጫኑ የዛሬ መዝገበ ቃላት ሊከተሉት የሚገባ ነው።

አራተኛው ተመራቂዎችን ራሳቸውን ይመለከታል። የእንግሊዝኛ ጽንሰ ሐሳብን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ማንኛውም የጥናት ጽሑፍ፣ የመረጠውን ቃል ስለምን እንደ መረጠ በመጀመሪያው አገባብ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ፣ ተከታዩ ተመራማሪ ከዜሮ አይጀምርም።

ትንሽ የሚመስል ቅጽል የአንድን ፈላስፋ ክርክር ባዶ ሊያደርግ፣ የገበያን ግምት የፍርድ ካባ ሊያለብስ፣ የተከሳሽን መብት ከፍርዱ ውጤት ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። አማርኛ እነዚህን ሁሉ ለይቶ የሚጠራበት ቃል አለው። የጎደለው ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላቱ ረድፍ ቀና ብሎ፣ ቃሉ ከማን ጋር እንደ ቆመ የማየቱ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከሰመረ፣ በድርሰቱ ግርጌ «ፌር» የሚል ያገኘው ተማሪም ደስታም ግራ መጋባትም ሳያስፈልገው፣ ገና እንደሚቀረው ያውቃል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል።